በጤፍ ማሳ ላይ የቆመው ቤት

አንድ ለመንደሩ ሰው መሬት የሚደለድል ቢተው የሚባል ጭቃ ሹም ነበር። አንድ ልጁን አትጠገብን ሲድር፣ ከዓይኔ እንዳትርቅ ብሎ በወንዙ ዳር ካለው ለም የጤፍ ማሳ መሃል ቤት ሠራላት። ከማሳው በላይ ለእርሻ የማይመች ጭንጫ ኮረብታ ነበር፤ ልጁን እዚያ ለማውጣት ግን አንጀቱ አልቻለም።

በዓመቱ ሌላ አባት ለልጁ የቤት ቦታ ሊጠይቅ መጣ። ቢተው ኮረብታውን ቢያሳየው ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ የኔ ልጅ ከድንጋይ ተወለደች እንዴ?» አለው። ቢተው ከማሳው ቆርሶ ሰጠው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሹሙን ልጅ እየጠቀሰ ጠየቀ፤ ለሁሉም ተሰጠው። ማሳው ቤት በቤት ሆነ፤ በሬዎቹም ኮረብታው ላይ ድንጋይ ሲገፉ ዋሉ።

ጤፉ አነሰ። የሚሸጠው ያጣ ገበሬ ከሸማኔው ጋቢ መግዛት ተወ፤ ሸማኔውም ከባለላሟ ቅቤ መግዛት ተወ። ገበያው እየሳሳ ሄዶ የሩቅ ነጋዴዎች አህዮቻቸውን ሳያራግፉ ያልፉ ጀመር።

አንድ ቀን አትጠገብ አባቷ ዘንድ መጣች። ባሏ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ ሊወርድ እንደሆነ፣ እሷም አብራው እንደምትሄድ ነገረችው። ቢተው ክው አለ። ምን ጎደለብሽ፣ ቤትሽ እኮ ከሁሉም ያምራል አላት።

«ያምራል አባዬ» አለች እጁን ይዛ። «የሚያኖረን መሬት ግን ከሥሩ ነው ያለው።»

ቢተው ሸንጎ አልጠራም፤ አዋጅም አላስነገረም። ከልጁ ጋር ወርዶ የቤቷን ክዳን በገዛ እጁ ማንሳት ጀመረ፤ እሷም ከታች ሆና ሣሩን ትቀበለው ነበር። ጎረቤቶቹ ከልጁ የተጣላ መስሏቸው ተንሾካሾኩ። ምሰሶውን ተሸክሞ ኮረብታውን ሲወጣ ግን አንደኛው ሌላውን ጫፍ ያዘለት። በጋው ሳያልቅ የብዙዎቹ ቤት ወደ ጭንጫው ኮረብታ ወጣ። ክረምት ሲገባ የአትጠገብ ባል ምድጃቸው በነበረበት ቦታ ላይ ጤፍ ዘራ። ስለ ቆላም ዳግመኛ አላነሳም።

የት እንደሚኖሩና የት እንደሚያርሱ አስቀድመው ያልለዩ ሰዎች መሬት ሳያንሳቸው ይቸገራሉ። የሹሙ ስህተት ክፋት አልነበረም፤ ፍቅር ነበር፤ ፍቅርም ቢሆን ቦታውን ካልመረጠ ያስርባል። እኛስ ለምንወዳቸው ስንል በየትኛው ማሳ ላይ ቤት ሠርተን ይሆን?