የአንድ ቀን ዕቅድ

ያሰበችውን ሳትናገር የማታድር አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ለልምምድ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ተመደበች። ኃላፊው አቶ ሸዋንግዛው ሲያስነጥሳቸው እንኳ ሠራተኛው ከወንበሩ እንዲነሣላቸው የሚፈልጉ ኩሩ ሰው ነበሩ።

አንድ ክረምት ጎርፍ መንደር ጠራረገ፤ ቤት ላጡት ድንኳን የደረሰው በስምንተኛው ቀን ነው። ልጅቱ «ኧረ ዘገየን!» ብላ ስታጉረመርም አቶ ሸዋንግዛው ጆሮ ገባ። ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰቡና፣

«አዋቂ መጣችልን! በይ እንግዲህ፣ ድንኳን በአንድ ቀን የሚያደርስ ዕቅድ ነገ ይዘሽ ካልመጣሽ የልምምድ ወረቀትሽን አልፈርምም» አሏት።

በነጋታው አንዲት ወረቀት ይዛ ቀረበች። ቢያዩት አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ጮክ ብለሽ አንብቢውና ይሳቅብሽ!»

አነበበች፦ «ጎርፍ በመጣ ቁጥር ለአቶ ሸዋንግዛው ተደውሎ፣ ሚኒስትሩ መንደሩን ሊጎበኙ ነው ይባሉ።»

ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ። አቶ ሸዋንግዛው ደም ሥራቸው ተገታተረ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር እንዲያ ተብለው በግማሽ ቀን አርባ ድንኳን አስተክለው የለም? ያውም ጎርፍ ባልነካው ሜዳ ላይ!»