አህይት «አፍሬድ» ያለች ዕለት

ጆሮ አላችሁ?

«አለን!»

ሆድስ አላችሁ?

«አለን!»

እንግዲያው ጆሯችሁ ይስማ፣ ሆዳችሁ ይያዝ። አንተ ወዲያ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ተቀመጥ። ሳቅ የፈለገ ካለ ከአሁኑ ይነሳ፤ የዛሬው ተረቴ አያስቅም። ቢያስቅም ትንሽ ነው፤ እሱም ቢሆን ኋላ ይቆጫችኋል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድንጋይም ሲብስበት በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ሸለቆ ግርጌ አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። አያ በሬም፣ እመት ፍየልም፣ እመት አህይትም ከነውርንጭላዋ፣ ዶሮዋም ሳትቀር፣ ጠዋት ጠዋት እዚያች ምንጭ ይገናኛሉ።

ወጋቸው እንዲህ ነበር። ሦስት ጊዜ ሳይጠያየቁ ውሃ አይቀምሱም።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና።»

«ሆድሽስ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«አንጀትሽስ?»

በመጀመሪያው ሁሉም ደህና ነው። በሁለተኛውም ደህና ነው፤ ማን ገበናውን በቶሎ ያወጣል? በሦስተኛው ላይ ግን አፍ ይያያዛል፣ ዓይን ይሞላል፣ እውነቱ ዱብ ይላል። ሳይጠየቁ ችግርን መዘርገፍ ደግሞ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ ብሶተኛ ያስብላል። አትሳቁ፣ እኛም ያው ነን።

አንድ ጠዋት እመት ፍየል በሦስተኛው ጥያቄ ላይ፣ «ቀበሮ ግልገሎቼን ሊበላብኝ ደጃፌን ይዞራል» ብላ አለቀሰች። በዚያው ምሽት አያ በሬ ቀንዱን ደግኖ በሯ ላይ ቆመላት። እመት አህይት በጓሮ በኩል በእርግጫዋ ጠበቀችላት። ዶሮ እንኳ ጣሪያ ላይ ወጥታ ጮኸችላት። ቀበሮ ይህን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ፤ ግልገሎቹም አደጉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ አንድ በቀቀን እየበረረ መጥቶ ድንጋዩ ላይ አረፈ። አረንጓዴ ነው፣ ውብ ነው፤ እግሩ ላይ የተበጠሰ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

«የፈረንጅ ቤት ልጅ ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ኧረ ይሄ ምንድን ነው? አንዲት ጉንጭ ውሃ ለመጠጣት ይሄ ሁሉ ጥያቄ? ፈረንጅ አንድ ጊዜ፣ ሃው አር ዩ ብሎ ይጠይቃል፣ በአንድ ቃል ይመለስለታል፣ አለቀ!»

«በአንድ ቃል?» አለ አያ በሬ።

«በአንድ ቃል! ደስ ሲልህ፣ ሃፒ። ሲከፋህ፣ ሳድ። ስትቆጣ፣ አንግሪ። ስትፈራ፣ አፍሬድ። በሉ ከእኔ በኋላ!»

«ሃፒ! ሳድ! አንግሪ! አፍሬድ!» አሉ ሁሉም።

እመት ፍየል ነገር አጣሪ ናት። «እሺ፣ ሆድ ሲብስስ?» አለች።

«ሳድ።»

«ልጅ ርቆ ሲናፍቅስ?»

«ሳድ።»

«የጎረቤት ሐዘን አንጀት ሲበላስ?»

«ሳድ አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ አንዱ ካንዱ በምን ይለያል?»

«መለየቱ ምን ይሠራልሻል? ውሃሽን ጠጪና ሂጂ!»

እሷም ውሃዋን ጠጥታ ሄደች። ደግሞም እውነቱን ነው፣ ጠዋቱ አጠረላቸው፤ ሁሉም በጊዜ ወደ ጉዳዩ ይሄድ ጀመር።

ከቃሎቹ ሁሉ የተወደደችው ሃፒ ነበረች። በቀቀኑ ሃፒ ያለውን «ጎሽ!» ይለዋል፤ ሳድ ካለው ፊቱን ያዞርበታል። ከዚያማ ሁሉም ሃፒ ሆነ። ያነከሰው ሃፒ፣ የራበው ሃፒ፣ ልጁ የሞተበትም ሃፒ። ወይ ጉድ!

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ ከእመት አህይት አጥር ሥር መጣ።

«እመት አህይት፣ እንደምን አመሸሽ?»

«ደ... ደህና፣ አያ ጅቦ።»

«ውርንጭላሽ እንዴት አምሮባታል! ከነገ ጀምሮ በሦስተኛው ምሽት እመጣለሁ፤ እሷን ደጅ አውጥተሽ ጠብቂኝ። ጎረቤት ሄደሽ ብትሸሸጊ ሽታችሁን ተከትዬ ያስጠጋችሁንም አልምርም። በይ ደህና እደሪ።»

እመት አህይት ውርንጭላዋን አንገቷ ሥር ሸጉጣ፣ «ጠዋት ይጠይቁኛል» አለች። «ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። የፍየልን ቤት እንደከበብነው የኔንም ቤት ይከቡልኛል።»

በማግስቱ ወደ ምንጩ ወረደች።

«ሃው አር ዩ?» አለ በቀቀኑ።

«ሃፒ» አለች፤ ይሄ አንደኛው ነው ብላ። ከዚያ ሁለተኛውን ጠበቀች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ማንም አልጠየቃትም፤ ሁሉም ውሃውን ጠጥቶ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ነውሩን ዋጥ አድርጋ መጣች።

«ሃው አር ዩ?»

«አፍሬድ» አለች።

በቀቀኑ ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ተነሳ። «እሰይ! እሰይ! አጠራሯን ሰማችሁ? ከናንተ መሃል ይህችን ቃል እንዲህ አስተካክሎ ያለ የለም! እስቲ ድገሚው!»

«አፍሬድ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«በሉ ከእሷ በኋላ!»

«አፍሬድ! አፍሬድ! አፍሬድ!» አሉ ሁሉም፤ አያ በሬ በኮቴው መሬቱን እየደበደበ፣ ዶሮ ክንፏን እያራገበች። እመት ፍየልም፣ «ምላስሽ እንዴት ተፍታታ ጃል! ቀናሁብሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። ስቀው ስቀው ውሃቸውን ጠጡና ሄዱ። እመት አህይት ከድንጋዩ ጋር ብቻዋን ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ውርንጭላዋን ይዛ መጣች።

«ሃው አር ዩ?»

«ሃፒ» አለች፤ ፈገግም አለች። ከዚያ ወደ እመት ፍየል ጠጋ ብላ፣ «ዛሬ ውርንጭላዬ አንቺ ጋ ትደር፣ አደራ» አለቻት።

«ትደር እንጂ፣ ምን ችግር አለው!» አለች ፍየል። ለምን ብላ ግን አልጠየቀችም።

እመት አህይት የውርንጭላዋን ግንባር ላሰቻት። አያ ጅቦ አንድ ትልቅ አህያ ካገኘ ሆዱ ይሞላል፣ ሆዱ ከሞላ ሽታ ተከትሎ አይሄድም ብላ አስባ ጨርሳለች። ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሲመሽ አያ ጅቦ በቀጠሮው መጣ፤ ደጅ ቆማ የጠበቀችው እናቲቱ ነበረች።

ሲነጋ ውርንጭላዋ ቤቷ ሄዳ ያየችውን አይታ ወደ ምንጩ መጣች።

«ሃው አር ዩ?» አላት በቀቀኑ።

ውርንጭላዋ ከድንጋዩ ሥር ቆመች።

«ሃፒ? ሳድ? አንዱን በይ እንጂ!»

«እናቴን ጅብ በላት» አለች።

እመት ፍየል ወገቧን እንደተመታ ወደቀች። «ትናንት አደራ ስትለኝ! ምነው፣ ምን ሆነሻል ብላት! እኔን ይብላኝ! ለኔ ግልገሎች ጓሮ የቆመች አህይት!»

ያን ጊዜ ድንጋዩ ተናገረ። «አፍሬድ ስትል እኔም ሰምቻታለሁ። እናንተ ስትሄዱ እላዬ ላይ ተደፍታ አልቅሳለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልካት?» ብሎ ጮኸበት አያ በሬ።

«እኔ ድንጋይ ነኝ። ድንጋይ ይሰማል እንጂ አይጠይቅም። እናንተ ግን ድንጋይ አልነበራችሁም።»

የአያ በሬ ንዴት ወደ በቀቀኑ ዞረ። ሊረግጠው ኮቴውን አነሳ።

«ቆይ፣ አያ በሬ» አለች ውርንጭላዋ። «እናቴ፣ ሳይጠየቅ ማንም ከምንጩ አይሄድም ትል ነበር።» ወደ በቀቀኑም ዞራ፣ «እንዴት አደርክ?» አለችው።

«ሃፒ።»

«ሆድህስ እንዴት አደረ?»

«ሃ... ሃፒ።»

«አንጀትህስ?»

በቀቀኑ ዓይኑ ሞላ፤ ክንፉ ወደቀ፣ ሰንሰለቱ ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ። «ከእናቴ ጎጆ የሰረቁኝ ገና ላባ ሳላወጣ ነው» አለ። «ሃፒ ስል ለውዝ ይሰጡኛል። ሳድ ስል ጥቁር ጨርቅ ያለብሱኛል፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ እውላለሁ። አንድ ቀን ሃፒ ሆኜ አላውቅም።»

«እና ለምን አልነገርከንም?» አለች ፍየል።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ።

አያ በሬ ኮቴውን መለሰ። የዚያን ዕለት ሁሉም አለቀሱ፤ ለአህይትም ለበቀቀኑም ለራሳቸውም አለቀሱ። ልቅሶው ግን እመት አህይትን አልመለሳትም።

ያቺ ውርንጭላ አደገች። አህያ ስታናፋ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ አንዴ ብላ አታቆምም፤ ትደግማለች፣ ትሰልሳለች። እናቷን እየጠየቀች ነው። እንዴት አደርሽ? ሆድሽስ? አንጀትሽስ? መልስ የሚሰጣት ግን የለም።

በቀቀኑን አትርገሙት። ሃፒም ሳድም ምንም አላጠፉም፤ ቃል ምን ያድርግ? አንድ ጊዜ ጠይቆ የሄደ ሰላምታ ሰጠ እንጂ አልጠየቀም።

በሉ ተነሱ፣ ተረቴ እዚህ ላይ ደክሞታል። ከመበተናችሁ በፊት ግን እያንዳንዳችሁ ከጎናችሁ ያለውን ጠይቁ። ደህና ነኝ ቢላችሁ ቁጭ በሉና እንደገና ጠይቁት።