የመመለሻው ቀረጥ

ነጋድራስ ጓንጉል ከባሕር ዳርቻው ከተማ እስከ ደሴቶቹ ድረስ ባሕሩን በድንጋይ አስደልድለው መንገድ አወጡና አፉ ላይ ኬላ ተከሉ። መንገደኛ ሁሉ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀረጥ ሲገባ አንድ ላይ ይከፍላል። «ሂያጅ ሁሉ ተመላሽ ነው» ይሉ ነበር ነጋድራሱ፤ በዚህ ሕግ ምሕረት አያውቁም።

የከተማው መቃብር ደግሞ ከደሴቶቹ በአንዱ ላይ ነው። አንዲት ዓሣ ሻጭ ባሏ ሞቶባት ጎረቤቶቿ አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክመው ኬላው ደረሱ። የቀባሪዎቹ ሁሉ ተከፈለ። በረኛው በሩን ሊከፍት ሲል ነጋድራሱ ከወንበራቸው ሳይነሡ ጣታቸውን ወደ ቃሬዛው ቀሰሩ።

«የእሱስ?»

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ ሞቷል» አለች ሴትዮዋ።

«በመንገዴ አያልፍም?»

«ያልፋል።»

«እንግዲያው ይከፍላል።»

«የመሄጃውን?»

«የመሄጃውንም የመመለሻውንም። ለአንቺ ባል ተብሎ ሕግ አይፈርስም። እምቢ ካልሽ ወደ ቤትሽ ውሰጂው።»

ፀሐዩ እየበረታ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ቀያየሩ። ሴትዮዋ ለተዝካሩ ያሰበችውን ብር ከመቀነቷ ጫፍ ፈታች። የመሄጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ቀጥላም የመመለሻውን አኖረች። ነጋድራሱ ሁለቱንም ሰበሰቡ።

«ጌታዬ፣ ባሌን አውቀዋለሁ፤ አይመለስም» አለች እጅ እየነሣች። «የተከፈለበት በከንቱ እንዳይቀር፣ የእርስዎ ቃሬዛ በዚህ በር ሲያልፍ እርስዎ ይመለሱበት።»