በውርርድ የታሰረ ቃልና የታች አምባ ኩሬ

ጥቅሙን ለራሱ ጣጣውን ለጎረቤቱ የሚያደላድል ሰው ሲያጋጥም ሽማግሌዎች የሚወረውሩት አንድ አጭር ቃል አለ። ብዙዎች ቃሉን ይዘው መነሻውን ጥለውታል፤ መነሻውን የጣለ ሰው ደግሞ ምሳሌውን ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ ያደርገዋል። እኔ ግን ታሪኩ እንዲጠፋ አልፈቅድም።

በአንድ ኮረብታ ራስ ላይ ባሻ ጓንጉል የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነበር። ቆዳውን በኖራ ዘፍዝፎ ፀጉሩን ካስፋቀ በኋላ ዝቃጩን በደጁ በሚያልፈው ቦይ ይከምራል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠራርጎ ይወስድለታል። የሚወስደው ግን ከኮረብታው ግርጌ ወዳለው የታች አምባ ኩሬ ነው። የታች አምባ ሰው ከዚያ ሌላ ውሃ የለውም። አንድ ሐምሌ ኩሬው ገማ፤ ከብቱ አሽትቶ ተመለሰ፤ ሕፃናቱ ሆዳቸውን ታመሙ። ዝቃጩን ቆፍሮ ለማውጣት መንደሩ ሁሉ እርሻውን መተው ነበረበት፤ በዘር ወራት እርሻን መተው ደግሞ የዓመት እህልን ማጣት ነው።

ስለዚህ ባሻን ከዳኛው ከአለቃ ኅሩይ ፊት አቆሙት። ለመንደሩ የተሟገተችው ስንዱ የምትባል ባልቴት ነበረች።

«ዝቃጩ የእርስዎ ነው ጌታዬ፤ ኩሬውን ይጥረጉልን» አለች።

ሙግት ለባሻ ከጠጅ ይጥመዋል። ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀስሮ ተነሣ።

«በይ ልበልሽ! ዝናቡን ያዘነበው ማን ነው?»

«እግዜር ነው።»

«ቁልቁለቱንስ ማን ሠራው?»

«እሱንም እግዜር።»

«እንግዲያ እግዜርን ክሰሺዋ።»

ሸንጎው በሳቅ ተናጋ። ስንዱ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ «ዝናቡስ ከሰማይ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል፤ ፀጉር የሚያበቅለው በእርስዎ ደጅ ሲያልፍ ነው» ብትል፣ ሳቁ ተገልብጦ በባሻ ላይ ወረደ።

በዚያ አገር ተሟጋች ንግግሩን በውርርድ ያጸናል፤ በውርርድ የጸና ቃል ደግሞ ተናጋሪውን ራሱን ይገዛል። ባሻ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን የተሳቀበት ሰው ምላሱ ከልቡ ይቀድማል። «ጎርፍ የወሰደው ሁሉ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል፤ ያረፈበት ሰው ገንዘብ ነው። ለዚህ ቃሌ በቅሎዬን አስይዣለሁ» አለ።

አለቃ ትክ ብለው አዩት። «አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«ዋስ ጥራ።»

ዋስ ጠራ። ስንዱም «ተቀብያለሁ» አለች። ወገኖቿ ግን በመንገድ ላይ ተንጫጩባት፦ «ምነው አንቺ ሴት፣ እድፉን አወረስሽን እኮ።»

«የቆዳው መዘፍዘፊያ ጉድጓድ ከቦዩ አፍ ላይ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው። «እስቲ ደመናውን እዩት።»

ሰማዩ በማግስቱ ተቀደደ። ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ ጉድጓዱን ናደና ለገበያ የተሰናዳውን ቆዳ በሙሉ እያንከባለለ ወደ ታች ወሰደው። ባሻ እግሬ አውጪኝ ብሎ ተከተለው። ከኩሬው ሲደርስ የታች አምባ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ፣ እየተጠራራና እየዘፈነ ቆዳውን በሣሩ ላይ ይዘረጋል።

«ቆዳዬን ልቀቁ» አለ እያለከለከ።

«የማንን ቆዳ?» አለች ስንዱ።

«የእኔን ነዋ፤ ምልክቴ አለበት።»

«ኧረ ባሻ፣ ጎርፍ እኮ ነው ያመጣልን።»

«ቆዳና ቆሻሻ አንድ ነው?»

«በአንድ ጎርፍ መጥተዋል። ቆሻሻው የጎደለው ምልክትዎ ብቻ ነው።»

አለቃ ኅሩይ ተጠርተው መጡ። «ቃልህ ይጽና ካልህ ቆዳውን ትተህ ወደ ቤትህ ውጣ» አሉት። «ቃሌን አፍርሻለሁ ካልህም ቆዳህን ውሰድ፤ በቅሎህ ግን ለመንደሩ ናት፤ ኩሬውንም በራስህ ሰዎችና በራስህ ስንቅ ታስጠርጋለህ።»

ባሻ የዓመት ንግዱ ተዘርግቶበት ወዳለው ሣር ተመለከተ፤ በቅሎውንም አሰበ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቃሌን አፍርሻለሁ። ብቻ የኩሬውን ወጪ እኩል እንካፈል፤ የሚጠጡት እነሱ ናቸው» ብሎ ለመነ።

«ደግ ነው» አለች ስንዱ፤ «ቆዳውንም እኩል እንካፈላ።»

ባሻ ሳያስበው በቅርቡ ያለውን ቆዳ ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፈው። ይህን ጊዜ አለቃ ኅሩይ አካፋ አንሥተው በእጁ አስያዙትና፣ «ቆዳዬን ያለ፣ እድፌንም ይበል» አሉት።