የጋሽ ዘርጋው ሞተር የት ይክረም?

ተረት ተረት፣ የሞተር በረት። የላሙን በረት ሌላ ሰው ያውራላችሁ፤ እኔ ደክሞኛል፣ የማውቀውን ነው የማወራው።

ጅማ ውስጥ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። አንዲት አሮጌ ፔጆ 404 ነበረቻቸው። ሟች ባለቤታቸው የሺመቤት ቬሎ ለብሳ የተሞሸረችው በዚያች መኪና ነው። አሁን ደግሞ ልጃቸው ምንትዋብ በጥር ልታገባ ነው። "አባዬ፣ በእማዬ መኪና ካልሆነ አልሞሸርም" ብላለች። የመኪናዋ አካል ለጥገና ባቲላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደ፤ ሞተሩ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ጣውላ ላይ ቀረ። ሰኔም ገባ። ጋሽ ዘርጋው ሞተሩን ላስቲክ አልብሰው በገመድ ጠፈሩት፤ በማግስቱ ገልጠው ቢያዩት ከውስጥ አልቦታል። እርጥበቱ ዘልቆ ሲሊንደሩን ካዛገው ደግሞ ምትኩ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል።

"የምፈልገው አንድ ደረቅ ጥግ ብቻ ነው" አሉ። "እዚያ አድርቄ፣ በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ስኒ ዘይት አፍስሼ ብዘጋው፣ እስከ ጥር በሰላም ይተኛል።" ለአራቱ ሲሊንደር አራት ስኒ ንጹህ ዘይት በጣሳ አስቀምጠዋል። የጎደለው ጥጉ ነው። የቤታቸው ወለል አፈር ነው፤ በሰፈሩ ደረቅ ወለል ያለው የዕድሩ ዕቃ ቤት ብቻ ነው።

ቁልፉ ያለው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የዕድሩም ዕቃ ጠባቂ።

"ጋሽ ዘርጋው፣ እኔ ምን ከፋኝ?" አሉ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ። "ደንቡ ግን ደንብ ነው። የወጣ ዕቃ ሳይመለስ ሌላ አይገባም። ትልቁ ድስት እማማ ደብሪቱ ዘንድ ነው፤ እሱን ያስመልሱልኝ።"

ሞተሩ ቤት ይጠብቃል፣ ቤቱ ቁልፍ ይጠብቃል፣ ቁልፉ ድስት ይጠብቃል። ጋሽ ዘርጋው ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

እማማ ደብሪቱ ድስቱን አልጋቸው ላይ ደቅነውታል። ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይልበታል።

"ዘርጋው ልጄ፣ ይሄን ካነሳህብኝ የት ልተኛ ነው? ሸዋንግዛው ቆርቆሮዬን ይምታልኝና ውሰድ።"

ሞተሩ ቤት ይጠብቃል፣ ቤቱ ቁልፍ፣ ቁልፉ ድስት፣ ድስቱ ጣሪያ ይጠብቃል። ሄዱ።

ሸዋንግዛው ቆርቆሮ መቺው መዶሻውን ታቅፎ ተቀምጧል። "መሰላሌ ተሰብሯል ጋሼ። ክንፍ የለኝ! የአባ ጀማልን ካመጡልኝ ዛሬውኑ እወጣለሁ።"

ሞተሩ ቤት ይጠብቃል፣ ቤቱ ቁልፍ፣ ቁልፉ ድስት፣ ድስቱ ጣሪያ፣ ጣሪያው መሰላል ይጠብቃል። አሁንም ሄዱ። ጫማቸው ውሃ አስገብቷል።

የአባ ጀማል መሰላል አጥር ሆኖ ተጋድሟል።

"ወላሂ ዘርጋው፣ የተማም አህያ አጥሬን ጥሳ ጎመኔን ጨረሰችው። ሥራ ፈታ ስትዞር እየዋለች እንዴት ብዬ ላንሳው?"

ሞተሩ ቤት ይጠብቃል፣ ቤቱ ቁልፍ፣ ቁልፉ ድስት፣ ድስቱ ጣሪያ፣ ጣሪያው መሰላል፣ መሰላሉ አህያ ይጠብቃል። ስቆጥር እኔም ደከመኝ፤ የሄዱትስ እሳቸው ናቸው።

ተማም ባለጋሪውን ከጋሪው ሥር ተንበርክኮ አገኙት።

"አህያዋ ምን ታድርግ ጋሼ? ጋሪው ቆሟል። ዝናቡ ኩሽኔታውን አዛገውና ጎማው አልዞርም አለ። አንድ ስኒ ዘይት ባገኝ ነገ በጠዋት ወፍጮ ቤት እጭን ነበር።"

ሞተሩ ቤት፣ ቤቱ ቁልፍ፣ ቁልፉ ድስት፣ ድስቱ ጣሪያ፣ ጣሪያው መሰላል፣ መሰላሉ አህያ፣ አህያዋ ጋሪ፣ ጋሪው ደግሞ ዘይት ይጠብቃል። ዘይቱስ? ዘይቱ ጋሽ ዘርጋው ቤት፣ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል።

ጋሽ ዘርጋው ቤታቸው ተመልሰው ከሞተሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እግራቸው እስኪቀጥን ዞረው የደረሱት የራሳቸው ጣሳ ላይ ነው። አንዱን ስኒ ከሰጡ አንዱ ሲሊንደር ባዶ ሊቀር ነው፤ አንዱ ከዛገ ሦስቱ ብቻቸውን ሙሽራ አይወስዱም። ካልሰጡ ደግሞ አራቱም ዝናብ ላይ ናቸው። ደከማቸው፣ ከፋቸውም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አንዱን ስኒ ቀድተው ተነሡ።

ዘይቱ ጋሪውን አዞረ። ጋሪው አህያዋን ወሰደ። አህያዋ መሰላሉን ለቀቀች። መሰላሉ ጣሪያውን አስመታ። ጣሪያው ድስቱን መለሰ። ድስቱ ቁልፉን አመጣ። ቁልፉ ቤቱን ከፈተ። ሞተሩም በዚያው በተማም ጋሪ፣ በዚያችው ጎመን በላተኛ አህያ ተጎትቶ ደረቅ ቤት ገባ።

ጋሽ ዘርጋው ሞተሩን በጨርቅ አደረቁት። ካንዴላዎቹን ፈቱ። አንደኛውን ሲሊንደር አጠጡ፣ ሁለተኛውን አጠጡ፣ ሦስተኛውን አጠጡ። ከዚያ ባዶውን ጣሳ ይዘው ቆሙ።

"ምን ሆኑ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"አራተኛው ደረቀብኝ።"

እትዬ አስካለ ቁልፋቸውን በሩ ላይ ትተው ወጡ። ሲመለሱ የስፌት መኪናቸውን ዘይት ከነጠርሙሱ ይዘዋል።

"ይቺን ያፍስሱባት። የየሺመቤትን ቬሎ ያጠበብኩበት መኪና ዘይት ነው። ልጅዎም ያንኑ ቬሎ ካልለበስኩ ብላ፣ ይኸው ሰሞኑን መልሼ ሳሰፋው ነው የከረምኩት።"

ጋሽ ዘርጋው ቬሎው ከሣጥን እንደወጣ አልሰሙም ነበር። አለቀሱ። እንባቸው ሞተሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊታቸውን አዙረው ነው ያለቀሱት፤ ውሃ አይወድማ! ከዚያ አራተኛውን አጠጡ፣ ሞተሩን በእጃቸው አንድ ጊዜ አዞሩት፣ እሺ ብሎ ዞረ፤ ዘጉት።

በጥር ሞተሩ ተጠግና ወደመጣችው መኪና ገብቶ ተነሣ። ሲነሣ የከረመው ዘይት ነዶ ነጭ ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው። ሙሽራዋን ሳል ያዛት፣ ሚዜዎቹን ሳል ያዛቸው፣ እማማ ደብሪቱ እልልታውን በሳል አቋረጡት። ጋሽ ዘርጋው ከመሪው ኋላ ሆነው ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቁ። መጠበቅ ለምደዋል። ጭሱ ሲገለጥ በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያዩ፣ የየሺመቤት ቬሎ በቦታው ተቀምጧል።

ተረቴን መልሱ፣ እጄን በጨርቅ አብሱ።