በሩን የያዘው እንትን

ልጆቻችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡና ስሙኝ።

ትርንጎ የምትባል እናት ነበረች። የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ በሩ እንዲከፈትላት። ዝናብ ሳይመጣ የተሰጣ ልብስ ላንሳ ብላ ብቅ ባለችበት፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ጽጌ ከውስጥ ዘጋችው። በሩ የብረት ነው፣ ትከሻ አይበግረውም። መስኮቱም ዝግ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በቅጡ ያልተያያዘ ከሰል ያለበት ምድጃ አለ። ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ትርንጎ ታውቃለች።

«በር፣ ተከፈትልኝ» አለችው።

«እኔማ በወደድኩ። ይሄ ብረት ያዘኝ እንጂ።»

«ብረት፣ በሩን ልቀቅልኝ።»

«እጅ ሳይስበኝ እንዴት ብዬ?»

ብረት አልለቅ አለ፣ በር አልከፈት አለ፣ ከሰሉ ይጨሳል።

ወደ ጽጌ እጅ ዞረች። «እጅ፣ ብረቱን ሳበው።»

«የቱን? ጆሮ መቼ ነገረኝ?»

እጅ አልስብ አለ፣ ብረት አልለቅ አለ፣ በር አልከፈት አለ፣ ከሰሉ ይጨሳል።

«ጆሮ፣ ለእጅ ንገረው።»

«አንደበትሽ ቃሉን ሳይሰጠኝ ምን ብዬ ልንገረው?»

ጆሮ አልነግር አለ፣ እጅ አልስብ አለ፣ ብረት አልለቅ አለ፣ በር አልከፈት አለ፣ ከሰሉ ይጨሳል።

ትርንጎ በሩን እየደበደበች፣ «ጽጌዬ፣ እንትኑን ሳቢው» አለች።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ። በበሩ ሥር ማንኪያ ብቅ አለ። «ይኸው እንትን፣ እማ።»

«እሱን አይደለም፣ ያንን እንትን።»

ማበጠሪያ ተከተለ።

ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። «አንቺ ቤት ምኑ እንትን ያልሆነ አለ? እኔንም እንትኑን ያውሱኝ ትዪኛለሽ፤ ወንፊት ይዤ ስመጣ ሙቀጫ ፈልገሽ ኖሯል።»

ትርንጎ አንደበቷን ለመነችው። «ያስለመድሽኝ እንትንን ነው፤ ከየት ላምጣልሽ?» አላት።

አንደበት ቃል አልሰጥ አለ፣ ጆሮ አልነግር አለ፣ እጅ አልስብ አለ፣ ብረት አልለቅ አለ፣ በር አልከፈት አለ፣ ከሰሉ ይጨሳል።

«እማ፣ እንቅልፌ መጣ» አለች ጽጌ።

ትርንጎ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ «እመቤቴ፣ አፌን አንቺ ክፈቺልኝ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አትተኚ የኔ ቆንጆ። በሩን በመዳፍሽ ዳብሺው። የሚቀዘቅዝ፣ እንደ ጣት ረዘም ያለ ብረት አለ?»

እትዬ አስካለ አማተቡ።

«አለ» አለች ጽጌ በመጨረሻ።

«እሱ መቀርቀሪያ ይባላል። በይ እስቲ።»

«መቀ… መቀርቀሪያ።»

«ጎበዝ። መቀርቀሪያውን ያዢና ወደምንተኛበት አልጋ ሳቢው።»

«እምቢ አለኝ።»

«በሁለት እጅሽ። እኔ በሩን ገፋ አድርጌ እይዝልሻለሁ።»

ያን ጊዜ አንደበት ቃሉን ለጆሮ ሰጠ፣ ጆሮ ለእጅ ነገረ፣ እጅ መቀርቀሪያውን ሳበ፣ መቀርቀሪያው በሩን ለቀቀ፣ በሩም ተከፈተ።

ትርንጎ ልጇን አፈፍ አድርጋ ወጣች፤ እትዬ አስካለ ምድጃውን በጨርቅ ይዘው ግቢው መሀል አስቀመጡት። ጽጌ ንጹሕ አየር ሲነካት አሳላት፣ ዓይኗን ከፈተች፣ የእናቷን ጉንጭ በጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄስ ምን ይባላል፣ እማ?»

ትርንጎ የልጇን ጣት ሳመች።

«እንባ ይባላል፣ ልጄ።»