የኮርቻ ሠሪው ተኩላ

አንድ ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ አያ ስመኝ ይባላል። እጁ የተባረከ ነው። እሱ የሠራው ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አይልጥም ይባልለት ነበር። ሰው ግን በእጁ ሙያ ብቻ አይኖርም። አንድ ልጁን እንጉዳይን ሩቅ አገር በዳረ በዓመቱ ሚስቱ ሞተችበትና ቤቱ ወና ሆነ።

ያገሩ ሰው ለቅሶ ያውቅበታል። ሐዘንተኛ የሰው ደጅ አይሄድም፤ ሰው ነው ወደ እሱ የሚመጣው። እናም መጡ። አብረውት ተቀመጡ፣ እህል ይዘው መጡ፣ «አይዞህ፣ ያለ ነው» አሉት። አርባው ሲወጣ ሰው ወደ እርሻው ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ ልጅ አለ፣ ሆድ አለ! አያ ስመኝ ግን በክፉ ተረጎመው። «ሐዘኔ ሳይወጣልኝ ትተውኝ ሄዱ። እንግዲህ የሚፈልገኝ ይምጣ!» አለና ቤቱ ቁጭ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ የማንንም ደጅ ሳይረግጥ ኖረ።

አንድ ቀን ለኮርቻ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ዱር ወርዶ ሳለ እናቱ የሞተችበት የተኩላ ቡችላ አገኘ። ዓይኑ ገና መገለጡ ነው። በጋቢው ጠቅልሎ ወሰደና በጨርቅ ወተት እያጠባ አሳደገው። ስሙንም «አይዞህ» አለው። ከሰው አፍ የጠፋችበትን ቃል ራሱ እየተጣራ ሊሰማት ፈልጎ ነው፣ ምስኪን!

አይዞህ አደገ። ለጌታው የዋህ ነው፤ ሲሠራ እግሩ ሥር ይተኛል፣ ሲተክዝ እጁን ይልሰዋል። እንግዳ ሲመጣ ግን በራፉ ላይ ተነሥቶ ጥርሱን ያሳያል። መጀመሪያ ደንበኞቹ ቀሩ። ተኩላ የሸተተው በቅሎ በየት አድርጎ ደጁን ይረግጣል? ቀጥሎ ጎረቤቶቹ ቀሩ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው እቴ ደብሬ ብቻ በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ይዛ እስከ አጥሩ ትመጣ ነበር።

«አያ ስመኝ! ኧረ ይህን አውሬ ያዝልኝ!»

«ምንም አያደርግሽ፣ ግቢ!»

እሷም ዳቦውን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ዓመት ያህል እንዲህ ተመላልሳ እሷም ተወችው።

አያ ስመኝ የተኩላውን አንገት እያሻሸ «አየህ አይዞህ፣ ሰው ከዳኝ፤ አንተ ግን አልከዳኸኝም» ማለት ጀመረ። ይህን ሲል ደስ ይለዋል። ወዲያው ደግሞ ሆድ ይብሰዋል። የሚያናግረው ሰው አጥቶ፣ ድምፁን ለመስማት ብቻ፣ ለሚሠራው ኮርቻ የሚያወራበት ቀን ብዙ ነበር።

ተኩላው በገባ በሦስተኛው ዓመት ከእንጉዳይ መልእክት መጣ። አርግዛለች፤ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን በአባቷ ቤት ልትወልድ ትመጣለች። አያ ስመኝ ይህን ሲሰማ ቤቱን ጠረገ፣ መደቡን ለቀለቀ፣ ለአራሷ ብሎ ማር ገዝቶ አስቀመጠ። «ቤቴ ሰው ሊገባበት ነው!» እያለ ብቻውን ይስቃል። ስለ ተኩላው ለአፍታ እንኳ አላሰበም። በደስታ የሰከረ ሰው ምን ያስባል!

እንጉዳይ ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ደረሰች። በቅሎዋ አጥሩ ጋ ስትደርስ «አልገባም» ብላ ተገተረች። ወርዳ በእግሯ ልትገባ ስትል ተኩላው በራፉን ዘግቶ ቆመ።

«አባባ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አይዞህ እኮ ነው። አትፍሪ ልጄ፣ የዋህ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን ነክሶኝ አያውቅም።»

እንጉዳይ ደጁን ቃኘችው። ድሮ ሰውና በቅሎ የሚተራመስበት ደጅ ሣር በቅሎበታል።

«አንተንማ አልነከሰም» አለች። «ሰውህን ነው የጨረሰብህ። እኔ ልጄን ከዚህ አውሬ ጋር አላስተኛም። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልሂድ።»

አያ ስመኝ ልጁን አየ፤ ተኩላውን አየ። «እሱስ ከኔ ሌላ ማን አለው?» አለ።

እንጉዳይ ፊቷን አዞረች። ምጧ እየጀማመራት ስለነበር ሩቅ መሄድ አልቻለችም፤ ሆዷን ይዛ መንገዱን ተሻገረችና እቴ ደብሬ ቤት ገባች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከማዶ እልልታ ተሰማ። በዚያ አገር ደንብ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። አያ ስመኝ መስፊያውን አስቀምጦ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ጠበቀ፤ አልመጣም። ሴት ናት። የገዛ ልጁ ልጅ ወንድ ይሁን ሴት እንደ መንገደኛ ከሩቅ ቆጥሮ አወቀ። ያን ጊዜ ልቡ ተሰበረ፤ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

ሲወጣለት ተነሣና ተኩላውን በገመድ ይዞ ዱር ወረደ። እዚያም ገመዱን ፈታለት።

«ሂድ የኔ ጌታ። አንተ ምንም አላጠፋህም» አለው። ተኩላው ትንሽ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ከዚያ ነፋሱን አሸተተና ሄደ።

አያ ስመኝ ከዱር ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ፣ ማሩን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እቴ ደብሬ ደጇ ላይ አገኘችው።

«ደብሬ፣ ልጄን ስላስገባሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለና አቀረቀረ። «ተኩላውን ሸኘሁት። ከእንግዲህ በራፌን የሚዘጋባችሁ የለም። እንደ ድሮው ኑ።»

እቴ ደብሬ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

«ዓምና ባሌን ስቀብር ጩኸቴን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰባት ጎጥ ተሻግሮ የመጣ ሰው ነበር። አንተ ግን ከዚህ ከማዶ ቀረህ። ያንተን በር ተኩላው ዘጋው እንበል፤ የኔን በር ማን ዘጋብህ?»

አያ ስመኝ ማሩን ዘረጋላት። እሷም ከበሩ ዘወር ብላ «ግባ» አለችው። ገባና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ሕፃናት የማን የማን ልጆች እንደሆኑ እንኳ አላወቀም።

ወዳጄ፣ ሐዘን ሰውን ቤቱ ያስቀምጣል፤ ወግ ነውና ነውር የለውም። ኩርፊያ ግን ሐዘን መስሎ ይገባና፣ ወጉ ካለፈ በኋላም «ተቀመጥ፣ እነሱ ይምጡ» ይላል። የሚቀመጥ ሰው ደግሞ በራፉ ላይ የሚያስተኛው ተኩላ አያጣም። እስቲ «ማንም አልመጣልኝም» ከማለትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ አንተስ ማን ጋ ሄደህ ነበር?